የማለዳው ቮልት

ሮቤ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቢስሚላህ።

ይድረስ ለወንድሜ የልጅ ልጅ ለጁሀራ፣ ፔናንግ፣ ማሌዥያ።

አሰላሙ ዐለይኪ። አላህ በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅሽ፤ እጅሽን ከስንፍና፣ ምላስሽን ከከንቱ ወሬ ያድንልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፤ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እናትሽ ዙሀይራ ባለፈው ሳምንት ከጊኒር መጥታ ሦስት ቀን ሰንብታ ተመልሳለች። ስላንቺ ማውራት አትጠግብም።

ይህን ደብዳቤ በወረቀት ጽፌ ጎረቤቴ ሙህዲን በስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል። አንቺም በወረቀት ጻፊና እንደዚሁ አድርጊ። በስልክ ተነካክቶ የሚላክ መልእክት አላነብም። ብዕር የያዘ ሰው ከመጻፉ በፊት ያስባል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከዲንሾ ወጣ ብሎ የገብስ ዘር የሚያባዙ ገበሬዎች ማኅበር አላቸው። ሊቀመንበራቸው ማሜ ነው፤ አብሮ አደጌ፣ አፉ የማያርፍ። ከአንድ ቦታ ስድስት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በስጦታ አግኝተዋል። መብራት እዚያ አይታመንም፤ ያላቸው ከፀሐይ የሚሞላ ባትሪ ነው። ስድስቱን አንድ ላይ ሲከፍቷቸው ባትሪው ከሁለት ሰዓት በላይ አልቆየም። ማሜ ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ «ኦቦ ወዚር፣ እነዚህ ከብቶች በጣም ይበላሉ፤ አበላላቸውን ቀንስልኝ» አለኝ።

ይህን ሥራ ካወቅሁት ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ማንም አላስተማረኝም። ፕሮሰሰር እንደ ፈረስ ነው። ጊጋኸርዙ እርምጃው ነው፤ ቮልቱ ገብሱ ነው። ለሶምሶማ የሚበቃ ገብስ ለግልቢያ አይበቃም። በሶምሶማ ለሚሄድ ፈረስ የግልቢያ ገብስ መስጠት ደግሞ ማባከን ነው፤ ትርፉ ሙቀት ብቻ ነው። ስለዚህ እርምጃውን ዝቅ አድርጌ ገብሱን በዚያው ልክ እቀንሳለሁ።

የስድስቱም ፕሮሰሰሮች ስማቸውም ቁጥራቸውም አንድ ነው። የሚለያዩት በመጨረሻው ፊደል ነው። ሦስቱ ፊደል የላቸውም፤ ሁለቱ «ቲ»፣ አንዱ «ኬ» አለባቸው። ሁሉንም ወደ ሁለት ነጥብ ሁለት ጊጋኸርዝ አመጣኋቸው፤ ፊደል የሌላቸው ከሦስት ነጥብ ሁለት ነው የወረዱት። ቮልቱን ለሁሉም ዜሮ ነጥብ ዘጠና አደረግሁት። በሱቄ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ያለ እረፍት አሠራኋቸው። አንዱም አልተንገዳገደም። ባትሪው አሁን ስድስት ሰዓት ይዘልቃል።

የባሌ ብርድም ይረዳናል። ኮምፒውተር የሚገድለው ሙቀት ነው። ማኅበሩ ኮምፒውተሮቹን ባስቀመጠበት ክፍል የአንዱ መስኮት መስታወት ተሰብሯል፤ ሊያስጠግኑት ሲሉ ከለከልኳቸው። ነፋሱ በነጻ የሚሠራ ማራገቢያ ነው።

ማሜ በሰው ፊት፣ «የሽማግሌ ሥራ ስንት ወር ይቆያል?» ብሎ ስለ ተሳለቀብኝ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊዱ በር ላይ ቃል ሰጠሁ። ረመዳን ሳይገባ ከስድስቱ አንዱ በሥራ ላይ እያለ ቀጥ ቢል ታፔላዬን አወርዳለሁ አልኩ። ታፔላዬን ታውቂዋለሽ። «ወዚር የራዲዮ ጥገና» የሚለውን በ1976 ዓ.ም. በእጄ ነው የጻፍኩት፤ «እና ኮምፒውተር» የሚለውን በኋላ ጨመርኩበት። አርባ አንድ ዓመት ከምስማሩ አልተነቀለም።

ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እናትሽ ፕሮሰሰር በሚሠራ ፋብሪካ ኢንጅነር እንደሆንሽ ነግራኛለች። ለእያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊጋኸርዝና ስንት ቮልት እንደ ተፈቀደ የሚያሳየውን የፋብሪካውን ሠንጠረዥ ገልብጠሽ ላኪልኝ። በደብተሬ ላይ ከሰው የሰማሁትን በእርሳስ፣ በዓይኔ ያየሁትን በቀለም ነው የምጽፈው። የፊደሎቹን ነገር እስከ ዛሬ በእርሳስ ነው የያዝኩት።

ሶላትሽን አትተዪ።

ወዚር

*

ፔናንግ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለአያቴ ወንድም ለአባባ ወዚር፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አካም ጅርቱ አባባ? ጉልበትዎን አላህ ይማርልኝ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ ከሙቀቱ ጋር ነው የሚወርደው። ልብስ ታጥቦ አይደርቅም። የሮቤን አየር በጠርሙስ ቢልኩልኝ እገዛዎት ነበር።

መልሴ ስለ ዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። የጠየቁኝ ሠንጠረዥ የፋብሪካው ምስጢር ስለሆነ ከግቢ ማውጣት አይፈቀድልንም። እኛ ኢንጅነሮች ስንቀጠር ፈርመናል። በጠቅላላው ግን እንዲህ ነው፦ ፕሮሰሰሮች እንደ ዓይነታቸው የተለያየ የፍጥነትና የቮልት መጠን ይሰጣቸዋል። ጊጋኸርዙ ከፍ ሲል ቮልቱ ዝቅ ይላል፤ እንደዚህ እየተመዛዘነ ይሄዳል። እርስዎ የመረጡት ዜሮ ነጥብ ዘጠና ጥሩ ይመስለኛል።

እማዬ ሦስት ቀን እርስዎ ዘንድ መቆየቷን ስሰማ ደስ አለኝ። ስለ እኔ ምን ምን አለች? ስለ ሥራዬ ብዙ አውርታብዎት ከሆነ ይቅር በሏት፤ እናት ናት።

ታፔላውን አስታውሰዋለሁ። ልጅ እያለሁ ፊደል የቆጠርኩት በእሱ ላይ ነው። ኢንሻአላህ አይወርድም።

ልጅዎ ጁሀራ

*

ሮቤ፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጁሀራ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። አላህ እውነትን ያስወድድሽ።

የላክሁልሽ ደብዳቤ በዚያው ቀን እንደ ደረሰሽ ሙህዲን በስልኩ ላይ አሳይቶኛል፤ ሁለት ጭረት አለ። ሃያ አምስት ቀን ምን ስትሠሪ እንደ ነበር አልገባኝም። መልስሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሠንጠረዡ ፈርመናል ያልሽውን ተቀብያለሁ፤ የፈረመ ሰው ፊርማውን ያክብር። ነገር ግን ጊጋኸርዝ ከፍ ሲል ቮልት ዝቅ ይላል ብለሽ ጽፈሻል። ፈረስ እየጋለበ ገብስ ይቀንሳል እንደ ማለት ነው። ይህን የራዲዮ ሠራተኛ ቀርቶ ጋሪ ነጂ አይስተውም።

እዚህ ችግር ተነሥቷል። የማኅበሩ ጸሐፊ ስመኝ ትባላለች፤ ከሌላ አገር መጥታ ዲንሾ የተቀጠረች፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። አሁን የመኸሩ ገብስ እየገባ ነው። ገበሬው ፈረሱን ጭኖ ገና ሲነጋ ይደርሳል፤ እሷም የእያንዳንዱን ስምና ኩንታል መመዝገብ አለባት። ባለፈው ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደውላ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ቀጥ ብለዋል አለችኝ። ሚኒባስ ያዝኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠብቄ ዲንሾ የደረስኩት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሁሉም ይሠራሉ። ቁጭ ብዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅኋቸው። ምንም የለም።

ረቡዕ እንደገና ደወለች። እንደገና ሄድኩ። ይሠራሉ። ቅዳሜም እንዲሁ። ማሜ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት፣ «ኮምፒውተሮችህ ይፈሩሃል። አባታቸው መጣ ሲባል ተነሥተው ሥራ ይጀምራሉ» አለኝ። ገበሬዎቹ ሳቁ። ተናደድኩ። ስመኝን በሁሉም ፊት፣ «ጥፋቱ ከማሽኑ አይደለም፤ ከጣትሽ ነው። አነካክሽን አስተካክዪ» አልኳት።

እሷም፣ «እሺ ጋሽ ወዚር» ብላ ወደ መዝገቧ ተመለሰች።

ስለ ቃሌ ማሜ ሲጠይቀኝ አላየሁም አልኩት። እውነት ነው፤ ሲቆም በዓይኔ አላየሁም። ያላየሁትን በቀለም አልጽፍም። ሆኖም ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሦስት ጊዜ ባዶ እጄን መመለሴ ደስ አላለኝም። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ ራዲዮ እንዲህ አድርጎኝ ነበር፤ በመጨረሻም ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሳትዞሪ መልሺ። እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ እጅሽ የሚነካው ምንድን ነው?

ወዚር

*

ፔናንግ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ ወዚር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ጤናዎን ይስጥልኝ፣ ልብዎንም በእኔ ላይ ያራራልኝ።

ይህ አምስተኛው ወረቀት ነው። አራቱን ቀድጃቸዋለሁ።

አባባ፣ እኔ ኢንጅነር አይደለሁም። ልማር የመጣሁበት ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለሁ ተዘጋ። ፋብሪካው ኦፕሬተር ይፈልግ ነበርና ገባሁ። ለእማዬ ደውዬ ፋብሪካ ተቀጠርኩ ስላት «ኢንጅነር ሆንሽልኝ?» አለችኝ። አይደለም ልላት ስል ስልኩ ተቋረጠ። በማግሥቱ ስደውል ጊኒር በሙሉ ሰምቶ ነበር። ሰው ቤት እየመጣ እንኳን ደስ ያለሽ እያላት ነበር። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ልነግራት እየተነሣሁ ይኸው ሁለት ዓመት ሆነኝ።

እጅሽ የሚነካው ምንድን ነው ብለውኛል። ትሪ ነው። ፕሮሰሰሮቹ ከአንድ ስስ ክብ ሰሌዳ ላይ ተቆራርጠው፣ ልብሳቸውን ለብሰው በትሪ ወደ እኔ ይመጣሉ። ትሪውን ለፈተና ማሽኑ አቀርባለሁ። ማሽኑ አንድ በአንድ አንሥቶ ቮልት እየሰጠ ያስሮጣቸውና በየሳጥኑ ይለያቸዋል። አንዱ በትንሽ ቮልት ይሮጣል። አንዱ ብዙ ካልሰጡት አይንቀሳቀስም። አንዱ ከሁሉም ይፈጥናል። ፊደሉ የሚጻፍባቸው ከዚያ በኋላ ነው። «ቲ»ም «ኬ»ም ሲወለዱ የወጣላቸው ስም አይደለም፤ ተፈትነው ያገኙት ነው። አንድ ዓይነት ፊደል ያላቸውም ቢሆኑ ፈተናውን አለፉ እንጂ እኩል ናቸው ማለት አይደለም። ቁጥሮቹ ያሉት በማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው። እኔ የማየው አረንጓዴና ቀይ መብራት ብቻ ነው። ሠንጠረዡ ምስጢር ነው ያልኩዎት አይቼው ስለማላውቅ ነው። ስለ ጊጋኸርዝና ቮልት የጻፍኩትን ደግሞ የሆነ ቦታ በጥድፊያ አንብቤ፣ አዛብቼ የገለበጥኩት ነው።

ግን አንድ የማውቀው ነገር አለ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ በራሴ ውስጥ ሲዞር ነበር። ልጽፍልዎ ስል ከየት አወቅሽ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ፤ ለዚህ ነው እውነቱን ያስቀደምኩት።

እያንዳንዱ ፕሮሰሰር ሁለት ጊዜ ይፈተናል። አንድ ጊዜ እጅ በሚያቃጥል ሙቀት፣ አንድ ጊዜ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ። የእኔ ማሽን የብርዱ ነው። ሁለት ጓንት ደርቤ ነው የምሠራው፤ ውጭ ሰው በላብ ይታጠባል፣ እኔ ጣቴ ይደነዝዛል። በትኩሱ ማሽን አረንጓዴ በርቶላቸው ያለፉ፣ እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቀይ ይበራባቸዋል። ብዙ አይደሉም፤ ግን በየትሪው አይጠፉም። የሚወድቁትም ቮልቱ በጣም ዝቅ በሚልበት ፈተና ላይ ነው። መጀመሪያ ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። የፈረቃ አለቃዬን ስጠይቃት፣ «ከፍ ባለ ቮልት የሚያደክማቸው ሙቀት ነው። ዝቅ ባለ ቮልት ግን የሚያደክማቸው ብርድ ነው» አለችኝ።

አባባ፣ ስመኝ የምትደውልልዎት በስንት ሰዓት ነው? እርስዎ ዲንሾ የሚደርሱትስ በስንት ሰዓት ነው? የተሰበረው መስኮትስ በየት በኩል ነው?

ለእማዬ አይንገሩብኝ። እለምንዎታለሁ።

ጁሀራ

*

ዲንሾ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጁሀራ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ይህን የምጽፈው በማሜ ቤት ሆኜ ነው።

አስቀድሜ የሚያስቆጣኝን ልናገር። ዋሽተሻል። አንዴ ስልክ ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ዓመት ግን የስልክ ጥፋት አይደለም። ለእናትሽ እኔ አልነግራትም፤ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ። ከጠየቀችኝ ግን አልዋሽላትም። ለረመዳን ሮቤ ትመጣለች። ቀኑን አንቺ ቁጠሪ። በደብተሬ ላይ «ጁሀራ፣ ኢንጅነር» የሚል በእርሳስ ተጽፎ ነበር። አጥፍቼዋለሁ። ቦታው ባዶ ነው።

አሁን ወደ ሥራው።

ደብዳቤሽን ባነበብኩ ቀን አላመንኩም። ኮምፒውተር ብርድ ይጎዳዋል የሚል ቃል በሕይወቴ አልሰማሁም። ሁለት ቀን ሳላምን ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ስለ ሱቄ አሰብኩ። ሱቄ ጠባብ ነው፤ በአንድ ጎን የሙህዲን የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ በሌላው የዳቦ ቤቱ ግድግዳ ነው። ስድስቱን የፈተንኳቸው የዳቦ ቤት ምድጃ እየሞቃቸው ነው። ዲንሾም ሦስት ጊዜ የደረስኩት ፀሐይ ክፍሉን ካሞቀችው በኋላ ነው። መስኮቱ በምሥራቅ በኩል ነው፤ ሌሊት ነፋስ፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ የሚገባበት።

ቴርሞሜትር ይዤ ትናንት ማሜ ቤት አደርኩ። ዛሬ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ወደ ማኅበሩ ሄድን። ሣሩ በውርጭ ነጭ ነበር። ስመኝ ቀድማን ደርሳለች። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ዲግሪ ነበር። ስድስቱንም ከፈትኳቸው። የመጀመሪያው አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ ላይ ቀጥ አለ። በስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓት ራሱ ቆመ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ «ኬ» ያለበት። አራተኛውም ተከተለ። ሁለቱ «ቲ»ዎች ብቻ ቀሩ።

ዘወር ስል ከስመኝ ጠረጴዛ ሥር የፕላስቲክ ጠርሙሶች አየሁ። ምንድን ናቸው ስላት ሙቅ ውሃ ነው አለችኝ። ለካ ከወር በላይ እየቀደመች መጥታ፣ ውሃ አፍልታ፣ በየኮምፒውተሩ ጎን ሁለት ሁለት ጠርሙስ እያኖረች ስታሞቃቸው ነበር። መደወሏን የተወችው ለዚህ ነው። ዛሬ እኔ ስለመጣሁ አላደረገችም።

«ይህን ካወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ብነግርዎት ጣትሽ ነው ይሉኛል ብዬ» አለችኝ።

ማሜ አንዱን ጠርሙስ አንሥቶ አገላብጦ አየው።

ሥራ ጀመርኩ። የአንዱን ቮልት በአንድ መቶኛ በአንድ መቶኛ ከፍ እያደረግሁ፣ እያስሮጥሁ፣ ሲቆም እንደገና ከፍ እያደረግሁ። ብርዱ እንዳያመልጠኝ ማሜን በሩን ክፍቱን እንዲይዝ አደረግሁት፤ በርኖስ ለብሶ ቆሞ እስኪጨረስ አጉረመረመ። ክፍሉ ሲሞቅ አቆምኩ። ሦስቱን ጨርሻለሁ፤ የቀረውን ነገ ማለዳ እቀጥላለሁ። እስካሁን ያየሁት ይህ ነው። ፊደል ከሌላቸው አንዱ በዜሮ ነጥብ ዘጠና አራት ሳይቆም ሠራ፤ ሌላው ዘጠና ሰባት ፈለገ። አንድ ስም፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ዓይነት ሥራ፤ ገብሳቸው ግን ለየብቻ ነው። «ኬ» ዘጠና ስድስት ላይ ጸና። ገብሱ ስለ ጨመረ ባትሪው እንዳያጥር ከሁሉም ብዙ የሚበላውን የዘጠና ሰባቱን እርምጃ ወደ ሁለት ጊጋኸርዝ አወረድኩት። ስም ለመጻፍ ግልቢያ አያስፈልግም።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሁሉም አንድ ገብስ ስሰፍር ኖሬያለሁ። ይህን አሁን በቀለም ጽፌዋለሁ።

ገበሬዎቹ ፈረሶቻቸውን ይዘው እስኪሰበሰቡ ጠበቅሁ። ስመኝን የተናገርኳት በፊታቸው ነበር፤ መመለስም የነበረብኝ በፊታቸው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የስመኝ ጣት ንጹሕ ነው አልኳቸው። ከወር በላይ ሥራችሁ እንዳይቆም ያደረገችው እሷ ናት አልኩ። ስመኝ አንገቷን ደፍታ መዝገቧን ገለጠች። አንድ ሽማግሌ «ገለቶሚ ስመኝ» ብሎ አመሰገናት፤ ሌሎቹም ተቀበሉት።

ስለ ቃሌ ማሜ፣ «ተወው፤ ማንም አላየም» ብሎኛል። እኔ አይቻለሁ። ሮቤ ስመለስ ታፔላውን አወርዳለሁ።

ወዚር

*

ፔናንግ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ ወዚር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ከማለዳው ውርጭ ይጠብቅዎት። ጉልበትዎን ሸፍነው ይውጡ።

ለእማዬ ነገርኳት። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ፈረቃዬ ሳይጀምር ከፋብሪካው በር ላይ ሆኜ ደወልኩ። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። «አልተቋረጠም፣ እዚሁ ነኝ» አለችኝ። ከዚያ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ስለ ትሪው፣ ስለ ሁለቱ ጓንት ነገርኳት። ጣትሽን ይበርድሻል ወይ አለችኝ። አዎ ስላት የበግ ጸጉር ጓንት ሠርቼ እልክልሻለሁ አለች። ማሽኑ ጋ ጸጉር ያለው ነገር አይፈቀድም ብላት አትሰማኝም። አባባ፣ ሁለት ዓመት የፈራሁት ነገር አሥራ አንድ ደቂቃ ነው የፈጀው። ቆጥሬዋለሁ።

ለጎረቤት ምን እንደምትል ግን አላውቅም። አልጠየቅኋትም።

የምለምንዎት ታፔላውን እንዳያወርዱት ነው። ቃል የሰጡት ኮምፒውተሮቹ ተበላሽተው ቢቀሩ ብለው ነው፤ እነሱ ግን አልተበላሹም። ደግሞም አስተካክለዋቸዋል። ጥፋቱን ያገኙት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ማንም ሰው ያንን ታፔላ ሳያይ ሮቤ ደረስኩ አይልም። እኔ ስመለስ ከመኪና የምወርደው ምን አይቼ ነው?

የቀሩትን ቁጥሮች ይላኩልኝ። ለፈረቃ አለቃዬ ስለ ዲንሾ ነግሬያታለሁ። የት ነው ያለው አገሩ ብላኝ በስልኬ ላይ አሳየኋት። በስተደቡብ ወደ ሃረና የሚወርደውን ጫካ አይታ፣ ከዚህ አረንጓዴ ምድር ነው ብርድ የሚወጣው ብላ ተገረመች።

ልጅዎ ጁሀራ

*

ሮቤ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጁሀራ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። አላህ የመጪውን ወር ጾም ይቀበልሽ፤ የሌሊቱን ምግብ፣ ሱሑርሽን አትዝለዪ።

ስድስት ሳምንት ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። የምጽፍልሽን በቀለም ልጽፈው ስለ ፈለግሁ ነው። ነገ ረመዳን ይገባል እየተባለ ነው። ከጥር ሰባት እስከ ዛሬ ማለዳ ድረስ ከስድስቱ አንድም አልቆመም። ስመኝ በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የክፍሉን ዲግሪ እየመዘገበች በየሳምንቱ ትልክልኛለች። አንድ ቀን ከዜሮ አንድ ዲግሪ በታች ወርዶ ነበር። በዚያም ቀን ሠርተዋል። የቀሩት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፤ ሦስተኛው ፊደል የሌለው ዘጠና አምስት፣ ሁለቱ «ቲ»ዎች እንደ ነበሩ ዘጠና። ሁለቱ «ቲ»ዎች ከሁሉም ያነሰ በልተው፣ በብርድም ሳይንገዳገዱ ከርመዋል። ማሜ «የዲንሾ ተወላጆች» ብሎ ሰይሟቸዋል። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ከክዳኑ በውስጥ በኩል ለጥፌያለሁ። ከእኔ በኋላ የሚከፍተው ሰው እንደ እኔ ሁሉንም አንድ እንዳያደርጋቸው።

ስለ ታፔላው የጻፍሽውን አንብቤያለሁ። አስተካከልክ ማለትሽ ልክ ነው፤ ቃሌ ግን ስለ ማስተካከል አልነበረም። ጥር 11 ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ሙህዲን መሰላል ይዞልኝ አወረድኩት። ምስማሩ ዝጎ ስለ ነበር ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል፤ እሱን ተውኩት። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየ። አንዱ ወዚር ሞተ እንዴ ብሎ ሙህዲንን ጠየቀው፤ እኔ መሰላሉ ላይ ነበርኩ።

ሱቁን ግን ልዝጋ አላልኩም። ታፔላዬን አወርዳለሁ ነው ያልኩት። ሰውም መምጣቱን አልተወም። ከጎባ የሚመጣው ሚኒባስ ረዳት አሁን «ታፔላ የሌለው ጋ ወራጅ አለ?» እያለ ይጣራል። ስትመጪ እንደዚያ በይው፤ ያወርድሻል።

ታፔላው የት እንደ ገባ ልንገርሽ። ቆርቆሮው ጥሩ ነው፤ የጣሊያን ቆርቆሮ ነው፣ ዛሬ አይገኝም። የዲንሾውን መስኮት እንዳያስጠግኑ የከለከልኩት እኔ ስለሆንኩ፣ መዝጋትም የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ወሰድኩት፣ በልኩ ቆረጥኩት፣ መስኮቱ ላይ መታሁት። ልክ ሆኖ ገባ። ነፋስ አያሳልፍም። ጽሑፉን ወደ ውጭ ላደርገው ስል ስመኝ፣ «ወደ ውስጥ ያድርጉት ጋሽ ወዚር» አለችኝ። ለምን ብላት፣ «ጠዋት ጠዋት ሲበርደኝ አነብበዋለሁ» አለች። ማሜ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወደ ውስጥ አደረግሁት።

እናትሽ ከትናንት ወዲያ መጥታለች። አልጠየቀችኝም። ራሷ ነው የነገረችኝ። ለጎረቤቶቿ ምን እንዳለች ልታውቂ ትፈልጊ ይሆናል፤ ልጄ ፕሮሰሰሮችን በብርድ የምትፈትን ናት ብላ ነው የምታወራው። ጊኒር ይህን ከኢንጅነር የበለጠ አድርጎ ይዞታል፤ ኢንጅነር ብዙ አለ። ጓንቱንም ጨርሳለች። በማሽኑ አይፈቀድም ብዬ ብነግራት ለመንገድ ይሁናት አለች።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በደብተሬ ላይ ፊደሉ፣ ጊጋኸርዙና ቮልቱ ከሚጻፍባቸው ዓምዶች ቀጥሎ አዲስ ዓምድ አስምሬያለሁ። «ማለዳ» ብዬዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በብርድ ያልፈተንኩትን ኮምፒውተር ከሱቄ አላወጣም። ስድስቱን ቁጥሮች ጽፌ ስጨርስ፣ ከግርጌ ይህን ከማን እንደ ተማርኩት ጻፍኩ። አጥፍቼ ባዶ የተውኩት ቦታም ተሞላ።

ጁሀራ፣ ኦፕሬተር፣ ፔናንግ ይላል። በቀለም ነው።

ወዚር